ብራንዱርን አትቀስቅሱት

ሲግሉፍዮርዱር፣ ጁን 26 ቀን 1932

ለተከበሩ አክስቴ ለኦድኒ፣

የብሱን ከባሕር የለየ አምላክ እርስዎንና አጎቴን ቶርጊልስን በጤና ያቆይልኝ እያልሁ፣ ካለሁበት ሆኜ በአክብሮት እጅ እነሣለሁ። ከአገራችን ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ የጫነኝ መርከብ ሰሜን ጫፍ ላይ በሰላም አራግፎኛል። ማዕበሉ ሆዴን ቢያውከውም ሌላ ጉዳት አላደረሰብኝም።

የተቀጠርሁት ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ በጨው ከሚታሸግበት ግቢ ነው። ሴቶቹ የዓሣውን አንገት እየቆረጡ በጨው በርሜል ውስጥ ይደረድሩታል፤ እኛ ወንዶቹ ጨውና ባዶ በርሜል እናቀርባለን፣ የሞላውን እያንከባለልን እንወስዳለን። ዓሣው ገና ስላልመጣ ከተማው ሁሉ ፊቱን ወደ ባሕር አዙሮ ይጠብቃል። ጀልባ ሲገባ፣ በየትኛውም ሰዓት ቢሆን፣ ቀስቃሽ የሚባለው ሰው እየዞረ በሩን ሁሉ በዱላ ይደበድባል አሉ። ያን ጊዜ የተኛው ይነሣል፣ የሚበላውም ማንኪያውን ያስቀምጣል፤ የመጨረሻው ዓሣ በርሜል እስኪገባ ድረስ ጎኑን የሚያሳርፍ የለም። እዚህ የሰው ክብር የሚለካው ሳይተኛ በቆመበት ልክ ነው።

አየሩን በሚመለከት፣ ነፋሱ ከሰሜን ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጉም ከተራራው ወርዶ ጣሪያዎቹን ይሸፍናል፣ ከቀትር በኋላ ይገልጣል። ትናንት ጥቂት ዘንቦ ነበር፤ ዛሬ ግን ዳመናው ስስ ነው።

ጤናዬ የሚያሳስብ አይደለም። ትምህርቴ ተጓዡ መምህር በአራት ክረምት ያስጨበጠኝ ብቻ በመሆኑ፣ የአጻጻፍ ስሕተት ቢያገኙ ይለፉልኝ። የአጥቢያችን ሹም ኢሳክ ስለ እኔ የተናገሩት ነገር ካለ ግን ሳያስቀሩ እንዲጽፉልኝ እለምናለሁ።

አክባሪዎ የእኅትዎ ልጅ፣
ብራንዱር


ሆልታሴል፣ ጁላይ 12 ቀን 1932

ለልጄ ለብራንዱር፣

በሄድህበት ሁሉ የእግዚአብሔር ጥላ አይለይህ። ደብዳቤህ ደረሰን። አጎትህ የተጻፈውን አነበበ፤ እኔ ደግሞ ያልተጻፈውን። ነፋስ እኮ እኛም አገር አለ፣ ልጄ። ስለ ጉምና ስለ ዳመና ይህን ያህል ደክመህ፣ ስለ ራስህ አንዲት መስመር ወረወርህልን።

ስለ ኢሳክ ጠይቀሃል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ፈረሶቹን ስንፈታ አጎትህን ያዘው።

“ልጁ እንዴት ነው?” አለው፤ ዓይኑ ግን እኔ ላይ ነበር።

“ደኅና ነው። ሙሉ ሰው የሚሠራውን ይሠራል” አልሁት እኔ ቀድሜ።

“እሰየው። ባለፈው ክረምት እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ሲንፈራገጥ ያላየነው የለም። በጎቹ ከተራራ ወርደው በየባለቤታቸው ከተለዩ በኋላ የአጥቢያው ጉባኤ ይቀመጣል። እዚያም ሄዶ በባዕድ ፊት ከወደቀ፣ ለራሱ የማይበቃ ሰው ነው ማለት ነው። ሆል ላይ ቦታ ተዘጋጅቶለታል” አለ።

ሆልን ታውቀዋለህ። የኢሳክ አማች ቤት ነው። አጥቢያው ጥገኛ ብሎ የመዘገበው ሰው እዚያ ከላሞቹ ጋር ያድራል፤ ስሙ ተረስቶ “ጥገኛው” ይባላል፤ ሳይፈቀድለት ከደጅ አይርቅም። ቀለቡን አጥቢያው ይችላል፣ ጉልበቱ ለአማቹ ነው። አንተን ለምን እንደፈለጉህ ለማወቅ የቄስ ትምህርት አያሻም።

ስለዚህ ስማኝ። ዝም አይነቅዝም። ለማንም እንዳትነግር። በሽታው ሊጥልህ ሲል የሚሰማህን ታውቀዋለህና፣ ሲመጣብህ ሰው ወደሌለበት ዞር በል። ኪኒኑንም ስትውጥ ማንም አይይህ። ይህን በጋ እንደ ሰው ቆመህ ከጨረስህ ኢሳክ የሚይዘው ነገር አይኖረውም።

በሚቀጥለው ስለ ነፋስ አትጻፍልኝ።

አክስትህ ኦድኒ


ሲግሉፍዮርዱር፣ ኦገስት 2 ቀን 1932

ለተከበሩ አክስቴ፣

የዘገየሁት ረስቼዎት አይደለም። ሰማይና ምድርን በቃሉ ያጸና ጌታ ቤትዎን እንዲጠብቅ ከመለመን አላቋረጥሁም። ዓሣው መጥቶ ነው። እጄ በጨው ስለ ቆሰለ፣ ብዕር ለመያዝ የበቃሁት ዛሬ ነው።

ስለ ነፋስ እንዳልጽፍ አዘዋል፤ እታዘዛለሁ። በሰው ሁሉ ፊት ወድቄአለሁ። ግን አይደንግጡ፤ ማንም አላወቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣው ሲበዛ ሰው ቆሞ መተኛት ይጀምራል፤ በርሜል እንደ ታቀፈ የሚያንኮራፋም አይቻለሁ። እንዲህ ያለው ሰው ሲወድቅ በባልዲ የባሕር ውሃ ደፍቶ ማስነሣት የግቢው ልማድ ነው። እኔም በወደቅሁ ጊዜ ያሰቡት ይህንኑ ነው። ዓይኔን ስገልጥ ውሃው ከአንገቴ ይወርዳል፣ ከበላዬ ሰው ተኮልኩሎ ይስቃል።

“ተነሣ ሙሽራው! ሚዜዎችህ ደከማቸው!” ይላል አንዱ።

“ሙሽሪት በርሜል ውስጥ ናት፣ ጨው አልብሰናታል!” ትላለች ሌላዋ።

ከምላሴ የወጣውን ደም ዋጥሁና አብሬ ሳቅሁ። “ይህስ ለመደበቅ የተመቸ አገር ነው” ብዬም አምላኬን አመሰገንሁ።

ተሳስቼ ነበር። ቀስቃሹ በር ሳይመታ እኔ ቀድሜ እነቃለሁ። ጓደኞቼ ባገኟት ቁራጭ ሰዓት እንደ ድንጋይ ሲተኙ፣ እኔ “አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመታል፣ ተነሥቼም እወድቃለሁ” እያልሁ ኮቴ አዳምጣለሁ። ኪኒኑን ተደብቄ ልውጥ ስል፣ ሰው የማይታይበት ጥግ አጥቼ ሳልውጥ የዋልሁበት ቀን አለ። ከእናንተ ዘንድ ሳለሁ አልፎ አልፎ ይጎበኘኝ የነበረው በሽታ አሁን ቤተኛ ሆኗል። ባልዲውም አልቦዘነም።

ከሴቶቹ መካከል ጉድፊና የምትባል፣ ባሏ የሞተባት፣ ቢላዋዋ ከሁሉ የሚፈጥን ሴት አለች። ባለፈው ሳምንት ጠጋ ብላ፣ “አንተ ልጅ፣ ሟቹ ባሌ መርከብ ላይም ሠርግ ቤትም ቆሞ ሲተኛ ነው የኖረው። አንድ ቀን ምላሱን ነክሶ አያውቅም” አለችኝ።

“ድካም ነው” አልኋት።

“እሺ፣ ድካም ነው። እኔም የንጉሡ እኅት ነኝ። ተነሥ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።”

ሐኪሙ ከመረመረኝ በኋላ፣ “ምንድን ነው የምትፈራው?” ሲል ጠየቀኝ።

“በሽታውን።”

“እሱንማ ማን ይወደዋል። ሌላስ?”

“መታየትን” አልሁት።

እሱም እንዲህ አስረዳኝ። በሽታዬን ፍርሃት አልወለደውም። ይሁን እንጂ ጭንቀቴ እንቅልፌን ይወስዳል፣ እንቅልፍ ማጣቴ ለበሽታው በር ይከፍታል፤ በወደቅሁ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ እጨነቃለሁ፣ ነገሩም እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይዞራል። ይህ በሽታ ያለበት ሰው ሁሉ እንዲህ አይደለም፤ እኔ ግን እንዲህ ነኝ። ኪኒኑን አንድ ቀን እንኳ እንዳላቋርጥ፣ በየቀኑም በታወቀ ሰዓት እንድተኛ አዘዘኝ።

“ዶክተር፣ በዚህ ከተማ በታወቀ ሰዓት የሚተኛ ማነው?” ብዬ ስጠይቀው፣ “ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ያሉት ብቻ” አለኝና ሳቀ።

አክስቴ፣ ዝም አይነቅዝም ብለውኛል። እርስዎ ራስዎ ግን “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ሲሉ ሰምቼ አድጌአለሁ። ከሁለቱ የትኛውን ልያዝ?

ምክርዎን ጠባቂ፣
ብራንዱር


ሆልታሴል፣ ኦገስት 14 ቀን 1932

ለብራንዱር፣

ጤናና ማስተዋል ይስጥህ። የመጀመሪያውን ያዝ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰዋል? ያቺ ሴትዮስ ማን ናት? ዓሣዋን አትቆርጥም? የሰው ምላስ ምን አገባት?

የሱፍ ካልሲና ጓንት ልኬአለሁ። የደረቀ ሥጋም አለበት፤ ለብቻህ ብላው። አጎትህ ትንሽ አሞታል፣ የሚያሰጋ አይደለም። ኢሳክ ደጋግሞ መጥቶ ነበር፤ ከእሱ ስለ ተከራየነው መሬት ነው፣ አንተን አይመለከትም።

ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ኦድኒ


ሲግሉፍዮርዱር፣ ኦገስት 25 ቀን 1932

ለተከበሩ አክስቴ፣

የምሕረት አባት በእርስዎ ላይ ፊቱን ያብራ፤ አጎቴንም ከሕመማቸው ያንሣልኝ። ሕመማቸው ምን እንደሆነ አልጻፉልኝም።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከተናገርሁ በኋላ ነው። ቀድሞ ቢደርስም እናገር እንደነበር ስገልጽልዎ፣ ንቀት እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ። በንቀት አይደለም። የሆነውን ሰምተው ይፍረዱ።

ሁለት ጀልባዎች እስከ አፋቸው ሞልተው ቆመዋል። ዓሣው የሚቆረጥበት የወደቡ መድረክ በሴቶች ተሞልቷል፣ ፀሐዩም የጠና ነበር። ካቦው ሃልቫርዱር ጠራኝና ማማው ላይ ወጥቼ የዓሣውን ቅርጫት የሚያነሣውን ገመድ እንድይዝ አዘዘኝ። ቅርጫቱ የሚያልፈው በሴቶቹ ራስ ላይ ነው። ሽቅብ አየሁት። ያን ቀን አልተኛሁም ነበር።

“አልወጣም” አልሁ።

“ምን አልክ?”

“አልወጣም። የሚጥል በሽታ አለብኝ። እዚያ ላይ ሆኜ ከጣለኝ ገመዱን እለቀዋለሁ።”

የቢላዎቹ ድምፅ ቆመ። አፌ አንዴ ከተከፈተ በኋላ አልዘጋም አለኝ። “እንቅልፍ አልነበረም። ያ ሁሉ ባልዲ የፈሰሰው በሽተኛ ላይ ነው። አልተቀየምኋችሁም፣ ቀልዳችሁ ጥሩ ነበር። ከእንግዲህ ግን ውሃውን ለወለሉ አድርጉት” አልሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ካቦው ፊቱ እንደ ጨው ነጣ። “ዕቃህን ሰብስብ” አለኝ።

ጉድፊና ቢላዋዋን በርሜል ላይ አስቀመጠች። “ካቦ፣ ልጁ ዝም ብሎ ቢወጣ ኖሮ ቅርጫቱ ማን ላይ ነበር የሚወርደው?”

“አንቺ ሥራሽን ሥሪ!”

“እኔ ላይ ነበር። ስለዚህ ሥራዬ ነው። የነገረህን ሰው ዛሬ ካባረርክ፣ ነገ የሚደብቅህን ሰው ነው ማማው ላይ የምታወጣው።” ይህን ብላ ባዶ በርሜል ገለበጠችና ተቀመጠችበት። ከጎኗ ያለችው ተቀመጠች። ከዚያ ሌላዋ። እንዲህ እያለ መድረኩ ሁሉ ተቀመጠ። ለእኔ ብለው ብቻ ነው ብዬ አልዋሽም፤ እነሱም እንቅልፍ ካዩ ሰንብተዋል።

“ዓሣው! ዓሣው ሊሸት ነው እኮ!” አለ ሃልቫርዱር።

“የሆነ ነገርማ ሸቶኛል። ካንተ ይሁን ከዓሣው ግን አልለየሁም” አለች አንዲት አሮጊት፣ ሽርጧን እያራገበች።

ካቦው ባሕሩን አየ፣ ሴቶቹን አየ፣ በመጨረሻ እኔን። “ምንድን ነው የምትፈልገው?”

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ሌሊት ስዘጋጅ ኖሬአለሁና አልተንተባተብሁም። “መሬት ላይ የሚሠራ ሥራ። በርሜሎቹን የጨው ውሃ ልሙላ፤ እሱ በቀን የሚሠራ ነው። ለመኝታዬ የታወቀ ሰዓት ይሰጠኝ። ቀስቃሹም በሬን አይምታ።”

“በዚህ ከተማ የማይቀሰቀስ ሰው ታይቶ አይታወቅም!”

“እንግዲያው ይታያ” አለች ጉድፊና። ካቦው የሞሉትን ጀልባዎች አይቶ እሺ አለ፤ ሴቶቹም ተነሥተው ቢላዋቸውን አነሡ።

ዛሬ በመኝታ ቤቴ በር ላይ፣ ከባልዲ ደፊዎቹ አንዱ በሬንጅ የጻፈው “ብራንዱርን አትቀስቅሱት” የሚል ጽሕፈት አለ። አላፊ አግዳሚው ይስቅበታል። ይሳቅ። እኔ ከበስተጀርባው እተኛለሁ። ኪኒኔንም ገበታ ላይ፣ በሰው ፊት እውጣለሁ።

ተረት እየጻፍሁልዎ አይደለምና ይህንንም ይወቁ፤ ከዚያ ወዲህም ጥሎኛል። አንዱ ምላሴን እንዳልነክስ ብሎ ማንኪያ አፌ ውስጥ ሊከት ሲል ጉድፊና እጁን በጥፊ መትታ እንዳስጣለችው ነገሩኝ። ነቃሁ፣ ጥቂት አረፍሁ፣ ተነሥቼ ሥራዬን ያዝሁ። መምጫው ግን ራቅ ራቅ ብሏል። አሁንም እፈራለሁ፤ የምፈራው በሽታውን ብቻ ነው። አንድ ፍርሃት ከሁለት ይሻላል።

በዚያ ቀን ከእኛ አጥቢያ የመጣ መርከበኛ ጀልባው ላይ ነበር። ወሬው ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ሹሙ ዘንድ እንደሚደርስ አውቃለሁ።

ይቅርታዎን ሳይሆን ፍርድዎን የሚጠብቅ፣
ብራንዱር


ሆልታሴል፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1932

ለልጄ ለብራንዱር፣

የዘለዓለም አምላክ ጉልበትህን ያጽና። ብዙ ዘገየሁብህ። መጀመሪያ ተናድጄ፣ ቀጥሎ የምለውን አጥቼ ነው።

ወሬው ቀድሞህ ደርሷል። አሁን ያላልሁህን ልበልህ። ኢሳክ የመጣው ስለ መሬቱ ነው ብዬህ ነበር፤ እውነት ነው። ያልነገርሁህ ያለውን ነው። “ልጁ በሰላም ሆል ካልገባ፣ የዚህ እርሻ ኪራይ ውላችሁ ፀደይን አያልፍም” ነው ያለን። አጎትህ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለውም፤ ምግብም አይወርድለትም፤ ደረቱን ይዞ ይቀመጣል። ያንተ ሐኪም ስለ ጭንቀት የተናገረውን ሳነብለት፣ “ያ ሰውዬ እኔን የት አየኝ?” አለ።

ትናንት የበጎች መለያ ነበር። አገር ምድሩ እዚያ ነው። ጉልበቴን ባንዲት እንቢተኛ በግ ላይ ጭኜ ጆሮዋ ላይ ያለውን ምልክት ሳይ፣ ኢሳክ ከድንጋዩ ካብ ላይ ሆኖ ጮኸ።

“ኦድኒ! ሰማሽ? ልጅሽ ራሱ በአደባባይ አመነ!”

“ሰማሁ። አንተስ እስከ ዛሬ ምን አምነሃል?” አልሁት።

“ቀልድ አይደለም። አጥቢያው ሊረዳው ነው።”

“እርዱኝ ብሎ እጁን ዘረጋልህ? ቁራሽ ለምኖሃል? ሥራ አለው፣ ይበላል፣ ይለብሳል።”

“ሲወድቅስ?”

“ሲወድቅ ይነሣል! አንተ አምና እዚሁ በረት ሰክረህ ከፈረስ ወድቀህ፣ አራት ሰው እንደ ሬሳ ተሸክሞ አስገባህ። ሆል ላይ ቦታ አዘጋጀንልህ?”

ብራንዱር፣ ሳቁን በሰማህ። ቄሱ እንኳ ፊታቸውን ወደ በጎቹ አዞሩ። የኢሳክ ጆሮ ቀላ። ወረደና አጠገቤ መጥቶ በዝግታ፣ “ውላችሁ እስከ ፀደይ ነው” አለኝ።

“እንግዲያው ፀደይ ዕቃችንን ስንጭን ያገኘናል” አልሁት። እሱ ከሄደ በኋላ በጊቱን ተደግፌ ቆምሁ።

ለአጎትህ ስነግረው፣ ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? ሾርባ ጠየቀ።

ጉባኤው ኦክቶበር 23 ነው። ሰው ስቆ ይሄዳል እንጂ ድምፅ ሲሰጥ ሌላ ነው፤ መሬቱን ከኢሳክ የተከራየን እኛ ብቻ አይደለንም። ቀድሞ ደብቅ አልሁህ፤ ቀጥሎ ዝም በል። አሁን የምልህን አላውቅም። ብትመጣ ሊያስቀሩህ ይሞክራሉ፤ ባትመጣ በሌለህበት ይወስኑብሃል። አንተው ፍረድ።

ኪኒንህን ትውጣለህ? ትተኛለህ? ያቺን ጉድፊናን ሰላም በልልኝ።

እናትህን የተካሁ፣
ኦድኒ


ሲግሉፍዮርዱር፣ ኦክቶበር 8 ቀን 1932

ለተከበሩና ለምወድዎ አክስቴ፣

ደካማውን ከትቢያ የሚያነሣ አምላክ፣ ያን በረት ውስጥ ያቆመዎትን ጉልበት አያሳጣዎ። ደብዳቤዎን ለጉድፊና አነበብሁላት። ስለ ኢሳክና ስለ ፈረሱ ከሚናገረው ስደርስ ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ፤ ከዚያም፣ “እኚህ ሴትዮ ሄሪንግ ይቆርጣሉ?” አለች።

እመጣለሁ። ይህ ወረቀት ምናልባት ከእኔ ጋር በአንድ መርከብ ይሳፈር ይሆናል፤ ቢሆንም ቃሌ በጽሑፍ ቀድሞኝ እንዲገባ ወደድሁ።

ጉዞው እንደሚያሰጋኝ አልደብቅዎትም። መርከቡ እንቅልፍ አይሰጥም፤ ከምወርድበት ወደብ እስከ ቤት ያሉት ወንዞችም በፈረስ ላይ ለሚወድቅ ሰው የሚራሩ አይደሉም። ስለዚህ ብቻዬን ላለመሻገር የፖስታ አመላላሹን ለምኜዋለሁ፤ በሽታዬንም አስረድቼው፣ እሺ ብሎኛል። ከጉባኤው አስቀድሜ ስለምደርስ አርፌ እገባለሁ። ጉባኤው ራሱ፣ ያ ሁሉ ዓይን፣ ለእኔ ከወንዙ የከፋ መሆኑን አውቃለሁ። ሐኪሙንም “ልቅር ወይ?” ብዬ ጠይቄው ነበር። “መቅረት ያስተኛሃል?” አለኝ። አያስተኛኝም።

የምናገረው አጭር ነው። ከአጥቢያው አንዳች አልለመንሁም። በልቼ ያደርሁት በእጄ ሥራ ነው። በበርሜል ሠሪው ቤት የክረምት ሥራ ተሰጥቶኛል፤ ሰውየው ከመቅጠሩ በፊት በሽታዬን ያወቀው ከራሴ አፍ ነው። የሚጥለኝ መሆኔ እውነት ነው፤ ሆል ግን መድኃኒቱ አይደለም። ሰውን ከላም ጋር አስተኝቶ፣ ስሙን ነጥቆ፣ ጠዋት ማታ እያስጨነቁ “አየነው፣ ይወድቃል” ማለት፣ እያንኳኩ “ለምን አልተኛም” እንደ ማለት ነው። ይህን በፊታቸው እላለሁ። ስለ መሬቱም፣ ሹሙ ለእናንተ በቤታችሁ የተናገሩትን በጉባኤው ፊት እንዲደግሙት እጠይቃቸዋለሁ። ከደገሙት ሰው ሁሉ ይስማቸው። ፀደይ ካስወጣችሁም፣ እዚህ ለበግ የሚሆን ሣር ባይኖርም ለእጅ የሚሆን ሥራ አይጠፋም።

ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስናገር ጣለኝ እንበል። ይህ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ አያልቅሱ፤ በሩንም አያስዘጉ፤ ሊያወጡኝ የሚነሡ ካሉ ይከልክሉልኝ። በጎኔ አድርገው አንዳች ልብስ ከራሴ ሥር ያኑሩና ጊዜ ይስጡኝ። ሹሙ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ተነሥተው መናገር ከጀመሩ፣ “ይቀመጡ፣ ተናጋሪው አልጨረሰም” ይበሏቸው።

ስነሣ ካቆምሁበት እቀጥላለሁ።

ልጅዎ፣
ብራንዱር